ለሕያዋ ልጅ ለቅሶ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የጎረቤታችን ልጅ የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባች። አባቷ ሞታለች ብሎ ድንኳን ጣለ።»

«ልጅቷስ?»

«ጫኖ፣ ሙዝ ማሳ ውስጥ ከባሏ ጋር ተደብቃለች። ወንድሞቿ ካገኘናቸው ሁለቱንም እንገላለን ብለው ዱላ ይዘው ይዞራሉ።»

«የሞተችውን እንደገና?»

«ክብር ነዋ፣ እቴ። አንዴ አይበቃውም።»

«ለቅሶውስ?»

«በእኛ መንደር ለለቅሶ ከበሮ የሚመቱት ሸክላ ሠሪዎቹ አይደሉ? የባሏን አባት ጠሩት።»

«መጣ?»

«መጣ። ‹ትናንት ምሳ ያበላችኝን ምራቴን ሞተች ብዬ አልመታም› ብሎ ከበሮውን ይዞ ተመለሰ።»

«ከዚያስ?»

«ያለ ከበሮ ለቅሶ ያሳፍራል ብለው ድንኳኑን ነቀሉ። ዱላውን ግን አልጣሉም።»

ወንድሞቼ በዚያው መንደር ለእኔ ድንኳን የጣሉ ጊዜ ከበሮውን ማን እንደመታው ሴቶቹን ልጠይቃቸው አሰብኩና ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩት።