ለማርያም የተሳለው ካንዴላ

ልጆቼን «የሰው ወሬ አታድምጡ» የምል ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አደመጥሁ። በጣልያን ጊዜ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚሄድ ካሚዮን፣ እህል ላይ ተቀምጠን ስንጓዝ፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አጠገባቸው ለነበረው ወጣት መካኒክ ከመቀነታቸው አራት አዳዲስ የሞተር ካንዴላ ፈትተው አሳዩት።

«እሳታቸው ብርቱ ነው አሉኝ። ወንድሜ ለሚነዳው መኪና ነው። ነገ ሰው ጭኖ ዓባይን ይሻገራል።»

«ሞተሩ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይነካል? ቤንዚኑን ለማቀጣጠል የድሮዎቹ እሳት ይበቃዋል።»

«በቅሎዬ ጤነኛ ናት ብዬ ገብስ ልከልክላት?»

«ይኼማ ገብስ አይደለም፣ ጋሼ። በኮርቻ ላይ ኮርቻ መጫን ነው።»

«ዳገት ላይ የሚያቃስተውሳ?»

«ጭነት በዝቶበት ነው፤ ይቀንሱለት። የድሮዎቹንም አይጣሉ፤ አዲሶቹ ባይስማሙት ይመልሷቸዋል።»

«የድሮዎቹንማ ለማርያም ተስያለሁ። ወንድሜ በደህና ከተሻገረ ላስገባ ብዬ።»

«ማርያም አሮጌ ካንዴላ ምን ያደርግላታል?»

«ቤት ተጥሎ ከሚዝግ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ አዲሶቹን ይስጧት።»

«አዲሶቹንማ እንዴት ብዬ? ውድ ናቸው።»

«ለሞተሩ የሚሻሉት የድሮዎቹ ናቸው እያልሁዎ ነው እኮ።»

«እንዲያ ከሆነ የተሳልሁት የሚሻለውን ነዋ። በል እንግዲህ ልጄ፣ የቱ ለማርያም ይግባ፣ የቱ ለወንድሜ ይሁን?»

መካኒኩ ራሱን አከከ። «እኔ የማውቀው ሞተር ነው፣ ጋሼ።»

ለስእለት ይዤው የምሄደውን፣ ዘንጉ የተሰበረ አሮጌ ጥላ፣ ቀስ ብዬ እግሬ ሥር ሸሸግሁት።