የሞራሌው ቀይ ጫፍ

ጆሮዬ በስሜ ሲጠሩኝ አይሰማም፤ የታክሲ ወሬ ግን አያመልጠውም። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ስንሄድ ከኋላዬ አንዲት ፌስታል የታቀፉ ሴትዮና አንድ አናጢ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ የያዙት ማገዶ ነው?»

«የጣሪያዬ ሞራሌ ጫፎች ናቸው ልጄ። የኔው አናጢ ቀለሙ አያምርም ብሎ ቆረጣቸው።»

«ቀይ ነው እኮ። እዚህ አቃቂ ያለው እንጨት ቤት ያልደረቀውን ነው ቀይ የሚቀባው።»

«አሁንማ አወቅኩ። ደረቁን ስጡኝ ብዬ ነበር፤ ቆርቆሮ ሳይመታበት ተጣመመ። ቀይሩልኝ ስላቸው፣ ምልክት የለውም፣ የእኛ አይደለም አሉኝ።»

«ጫፍ የሌለው እንጨት የማንም ነው፣ እማማ።»

«ለዚህ ነዋ ጫፉን ይዤ የምመለሰው።»

«ከዚያው እንጨት መቆረጡን በምን ያምኑዎታል?»

«አንዱ ሞራሌ ከላይ የታክሲው ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሯል። ፊታቸው እገጥመዋለሁ፤ የእንጨቱ መስመር ከመስመሩ ይገናኛል።»

«እምቢ ካሉስ?»

«በረንዳቸው ላይ እቀመጣለሁ። ክረምት እየመጣ ነው፤ የእኔ ቤት ጣሪያ የለውም፣ የእነሱ በረንዳ ግን አለው።»

«በሉ እኔም አብሬዎት እወርዳለሁ፤ ሞራሌውን ብቻዎን አይችሉትም።»

አምና የራሴን ሞራሌ ቀይ ጫፍ ለውበት ብዬ አረንጓዴ የቀባሁትና ጣሪያው ሲጎብጥ ቆርቆሮውን የረገምኩት እኔ ሽማግሌው፣ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ዝቅ አደረግኩ።