ባለ ሁለት ፋሻው ወታደር

ቤትሽ ዛሬ ደስ ይላል፣ እቱ። መስኮቱን ከፈት ስታደርጊው ነፋሱ ገባ። አይ፣ የሳሎኑን በር አትዝጊው፤ እንግዳሽ ጋዜጣቸውን ያንብቡ፣ እኛ ምን ምስጢር አለን? እኔ እንደሆንኩ ስለ ቀለምና ስለ ብሩሽ ነው የማወራው… ሱሪ ነው የምትተኩሺው? የቀለበቱ ዕለት የሚለብሱት? ጎሽ። እጥፋቱን ጠበቅ አድርጊላቸው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ብቸኝነት በኋላ የሰው ሱሪ መተኮስ ደስ አይልም እንዴ?

እጥፋት ስል ትዝ አለኝ። የኔን ጉድ አልሰማሽም፤ ሥራዬን ያሳየሁበት ኤግዚቢሽን ላይ አልመጣሽማ። ደግ አደረግሽ። ያ ሁሉ ሰው የወንድምሽን ሞኝነት በመስታወት ሳጥን ውስጥ አይቶ ወጣ።

መቼም ታውቂኛለሽ። ሌላው ጡረታ ሲወጣ አትክልት ይተክላል፤ እኔ አውራ ጣት የሚያካክሉ የአሻንጉሊት ወታደሮች ቀለም እቀባለሁ። ብሩሹን በምላሴ ሳሾል ምላሴ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሐኪሙ "ምን በልተህ ነው?" ሲለኝ "አንድ ሻለቃ ጦር" ያልኩት ሰውዬ ነኝ። ዘንድሮ ደግሞ ጠገብኩና፣ የዚያን የወጣትነታችንን ጊዜ ጦርነት ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። በሰልፍ ልብስ አይደለም፣ በዘመቻ ልብስ። የሰልፉን ማንም ይቀባዋል። የዘመቻ ልብስ ግን ለባሹ የት እንደነበረ ይናገራል… ጭቃው፣ ላቡ፣ ፀሐይ የበላው ትከሻ።

እኔ ደግሞ ዘምቼ አላውቅም። ዓይንህ ደካማ ነው ብለው መለሱኝ፤ በዚያው ዓይኔ ነው ዛሬ የወታደር ቁልፍ የምቀባው። እንግዲህ የዘመተ ሰው መጠየቅ አለብኝ አይደል? አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ… አንቺ አታውቂያቸውም። እኔም የማውቃቸው መስሎኝ ነው እንጂ። ጀግና ናቸው። ወንዙን በጥይት ዝናብ መሃል ሲሻገሩ ሲያወሩልኝ የኔ ካልሲ የራሰ ይመስለኛል። ሌላው ዘማች ያየውን ይደግማል፤ እሳቸው በየጊዜው እያሻሻሉ ነው።

ወታደሮቹን ራሳቸው መረጡልኝ። ያልተቀቡትን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ብጠብቃቸው፣ በደረታቸው ተኝተው የሚተኩሱትን በሙሉ ሰነፎች ናቸው ብለው ወደ ሳጥኑ መለሱብኝ። ጎንበስ ብለው የሚሮጡትንም፣ ወታደር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? ከዚያ ለናሙና ብለው ዘመቻው ላይ የተነሱትን ፎቶ ሰጡኝ። አቤት ንጽሕና! ጫማቸው ፊት ያሳያል። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ አግድም እጥፋት አለው። በዚያ ሁሉ ጥይት መሃል እጥፋታቸው እንኳ አልተበላሸም… ልብስ አያያዝ ማለት ይህ ነው። እኔም ጅሉ፣ ያንን እጥፋት በአጉሊ መነጽር እያየሁ በእያንዳንዱ ወታደር ጉልበት ላይ አሰመርኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወረቀቱን ተዪው፣ ሞኙን ብሩሽ ሲይዝ ነው ማየት።

አንዱን ደግሞ ለክብራቸው ቁስለኛ ላድርገው አልኩ። የተመታው የትኛው እግርዎ ነበር ብላቸው ቀኙ አሉ፤ ቀኙ ላይ ፋሻ ቀባሁለት። ዝናብ የመጣ ዕለት ግራቸውን ሲያሹ አየኋቸው። ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ሆነ ማለት ነው ብዬ ግራውንም ቀባሁት። ቆይቶ ደግሞ ደረጃ ሲወጡ በቀኙ ያነክሳሉ… እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእግር ሕመም ግን እያደር እንደሚዞር ከእሳቸው ተማርኩ። ወታደሩን እንዲሁ ሁለቱም እግሩ እንደታሰረ ተውኩት።

ታዲያ ኤግዚቢሽኑ ላይ አንድ ክራንች የያዙ አዛውንት መጡ። የዚያው ጦርነት ሰው ናቸው። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩ። እኔ ምስጋና ስጠብቅ፣ እነዚህ ገና ሊሄዱ ነው ወይ አሉኝ። የለም፣ ተዋግተው ሲመለሱ ነው አልኩ።

"እንዲህ ያለው እጥፋት የመጋዘን መደርደሪያ እጥፋት ነው፤ አንድ ሌሊት መሬት ላይ ከተኛህበት ይጠፋል" አሉኝ።

ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አልሳቁም፤ ትከሻዬን መታ አድርገውኝ ሄዱ። አፈርኩ፣ እህቴ። ወታደሮቼን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

መጋዘንስ ቢሆን ሥራ አይደለም እንዴ? ጫማ የሚያድል ባይኖር ያ ሠራዊት በባዶ እግሩ አይዘምትም ነበር? እኔ ቤቴ ተቀምጬ መዋሌን ይኸው ሳላፍር አወራዋለሁ። እኚያ የማውቃቸው ሰው አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩኝ እኮ መደርደሪያውንም አሳምሬ እቀባላቸው ነበር…

ኧረ ካውያውን አንሺው፣ ሱሪው እንዳይቃጠል! ምነው ቆምሽ? እኔ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው። የአንቺው እንግዳ ሳሎን ጋዜጣ እያነበቡ አይደል? ገጽ ሲገልጡ ግን አልሰማሁም… ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ ጀግናው ለማን እንደሆነ ሳይነግሩን ቀሩ። ለእህቴ ይሆናላ።

በይ፣ እኔ ልሂድ። ለቀለበታችሁ ይህችን ስጦታ ይዤ መጥቻለሁ፤ ባለ ሁለት ፋሻው ነው፣ ሁለታችሁም የምታዩት ቦታ አስቀምጪው። እግዜር ቤትሽን ይባርክ። ለእኚያ ለማውቃቸው ሰውም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ከጥይት ይጠብቅልኝ፣ እስከ ዛሬ እንደጠበቃቸው። እግራቸውንም ይማርላቸው… ሁለቱንም።