ሐጂ ባቢከር እንቢ ያሉት ሽርክና

ክልላችን ገና አዲስ፣ ቢሮው ሁሉ ቀለም ቀለም በሚሸትበት ዘመን፣ ዝናብ ሁለት ሰዎችን አሶሳ ገበያ ዳር ከሬዲዮ መጠገኛዬ በረንዳ ላይ አገናኘ። አንዱ የነጋዴዎቹ ሽማግሌ ሐጂ ባቢከር፣ ሌላዋ ከጎጃም ተመድባ የመጣችው የፊዚክስ መምህርት እስከዳር። የዚያን ቀን ጎርፍ፣ እውነቴን ነው፣ ጉማሬ እየዋኘ ገበያ ይውል ነበር።

«ሐጂ፣ ትናንት የውጭ አገር ሰዎቹን ሽርክና እንቢ አሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ቢንቲ፣ ልጄ። ነጋዴውም ተከተለኝ። ከእኛ ገንዘብና የኮረብታዬ ነጭ ድንጋይ፣ ከእነሱ ማሽን። ምን ልትሠሩ ስላቸው የሬዲዮ ሆድ ዕቃ አሉኝ። እኔ በቅሎ እንኳ ጥርሱን ሳላይ አልገዛም!»

እስከዳር ከፍቼ ያስቀመጥኩትን ሬዲዮ ስባ በእርሳስ ጫፍ ትራንዚስተሩን ነካች። «ጥርሱ ይኸውልዎ።»

«ይሄ? ይሄ መዥገር ነው!»

«መዥገሩ ከሞተ ሬዲዮው ዲዳ ነው። ኮምፒውተሩም እንደዚያው። መዥገሩ የሚሠራውም እንደ እርስዎ ኮረብታ ካለ ነጭ ድንጋይ ተነጥሮ ነው።»

«ባምባሲ ከተማ አንድ ሬዲዮ በዚህች መዥገር ጉልበት የነገውን ዜና ዛሬ ያወራ ነበር» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«አንተ የውሸት ፋብሪካ፣ ዝም በል!» አሉኝ ሐጂ። ወደ እሷ ዞሩ። «ቢከስርስ?»

«ሊከስር ይችላል። ብዙ ገንዘብ፣ ውኃና መብራት ይበላል፤ ፍሬውም ቶሎ አይደርስም። ሽርክና የሚያስፈልገው እኮ ለዚህ ነው፤ ብቻዎን የሚጥልዎት ሸክም ለሁለት ይቀላል። ገበያውን እነሱ ያውቁታል። ድንጋዩን በጥሬው ቢሸጡት አንዴ ተበልቶ ያልቃል፤ ሸሪክ ከሆኑ ግን ከሚሠራው ዕቃ ሁሉ ድርሻ አለዎት።»

«ሙያውን ደብቀው ቢሄዱስ? እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።»

«ልጆቻችንን ወስደው እንደሚያስተምሩ ውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር። የሚሄዱትን ተማሪዎች የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከዝርዝሩ ፊት የነበረችው ኑሃ ናት።»

ኑሃ የሐጂ ልጅ ናት።

«የእኔ ኑሃ? ማንም አልነገረኝ!»

«ውሉ እየተነበበ ነበር፣ ሐጂ። ስለ ድንጋዩ የሚለው ጋ ሲደርስ ይብቃ ያሉት እርስዎ ነዎት አሉ።»

ዝናቡ አባርቶ ኖሮ፣ አውሮፕላን ከማረፊያው ሜዳ ተነሥቶ በላያችን አለፈ።

«የውጭ አገር ሰዎቹ ናቸው?» አሉ ሐጂ።

«እነሱ ናቸው።»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ አውሮፕላን በገመድ ጠልፎ ያወረደ የድባጤ ሰው አውቃለሁ እል ነበር። ያን ቀን ግን የሬዲዮውን ክዳን መልሼ ገጠምኩ።

ሐጂ አውሮፕላኑን በዓይናቸው ሸኝተው፣ «ነጋዴውን ሰብስቤ ተሳስቻለሁ እላለሁ» አሉ። «ኢንሻአላህ ሌላ ሸሪክ ይመጣል። ያኔ ውሉ እስከ መጨረሻው ይነበባል፤ ኪሳራውም ትርፉም በጋራ፣ ሙያው ለልጆቻችን።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለኑሃ ግን... አንቺ ንገሪያት።»

«ይህን እርስዎ ቢነግሯት ይሻላል፣ ሐጂ።»

አንባቢዬ፣ ሽርክናን መመርመር ብልህነት ነው፤ ግማሹን ሰምቶ እንቢ ማለት ግን የልጅን ዕድል ያስከፍላል።

ሐጂ በጭቃው ኑሃ ወዳለችበት ቤታቸው አዘገሙ። በራቸው ከበረንዳዬ ይታያል። ደረሱ፤ እጃቸውን በሩ ላይ አሳረፉ፤ ሳይገፉትም ቆሙ።