የተጠለለው ሾርባ

ልብስ ሰፊው የእህቱን ልጅ ዳቦ ቤት በር ላይ አገኛታለሁ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ያውም አፉ በብስኩት ተሞልቶ!

«ጋሼ! ምግብ ቀንሻለሁ አላሉም እንዴ?» አለችው። ነርስነት ነው የምትማረው፤ ምላሷ ግን ከሱ መርፌ ይሾላል።

እንደምንም ዋጠና «ቀንሻለሁ እኮ! ምሳዬ ሾርባ ብቻ ነው» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልጁ ሠርግ የሚለብሰውን ኮት በገዛ እጁ ሰፍቶ፣ የመሀሉ ቁልፍ አልዘጋ አለው። የሰው ኮት ሲያሰፋ የኖረ ሰውዬ፣ ደንበኞቹ ፊት «ኮቱን አላሰፋም፣ ሆዴ ይጥበብ!» ብሎ ማለ።

ልጅቷ ሱቁ ድረስ ተከተለችው። ከስፌት መኪናው አጠገብ ማጥለያ ላይ ባቄላ ተከምሯል።

«ይሄስ?»

«የሚጣል ነዋ። የሾርባው ውሃ አያወፍርም ብዬ ባቄላውን አጠልለዋለሁ።»

«ውይ ጋሼ! የሚያጠግበውን እየጣሉ ውሃውን ይጠጣሉ?»

«ስሚ አንቺ! ያልበላ ሰው ይከሳል፣ አለቀ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብስኩቱን ማን በላው?»

ይቺ ነካችው። በዚያ ሰዓት እኮ ከረሃቡ የተነሳ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እንኳን ያቅተዋል።

ከቦርሳዋ አጃ አውጥታ ብርጭቆ ውስጥ ጨምራ ሙቅ ውሃ አፈሰሰችበት።

«የፈረስ ቀለብ ልታበዪኝ ነው?»

«ፈረስ ዳቦ ቤት ተደብቆ ብስኩት ሲበላ አይተው ያውቃሉ?»

እሱ የአንድ ሱሪ ጫፍ አጥፎ እስኪሰፋ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ወፈረ።

«አዩት? አጃ፣ ባቄላና ፖም ውስጥ በውሃ የሚሟሟ ፋይበር የሚሉት አሰር አለ። ሆድ ውስጥ ውሃውን ይዞ እንዲህ ይወፍራል። ምግቡ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ረሃቡም ቶሎ አይመጣም።»

ብርጭቆውን አዘንብሎ አየው። «እንደ ኮት ገበር ነው በይኛ! ከውጭ አይታይም፣ ቅርጹን የሚይዘው ግን እሱ ነው።»

«በቃ እሱ ነው! ግን በአንዴ አያብዙት፣ ሆድ ይነፋል። ውሃም ይጠጡ።»

እሱ መቼ ሰምቶ! በማግስቱ አንድ ድስት ባቄላ ጨርሶ፣ ደንበኛ ሲለካ ሆዱ እንደ ሞተር ጮኸ። ከዚያ በኋላ ነው ልክ የያዘው። ምሳውን ከነባቄላው፣ ፖሙን ከነልጣጩ። አንድ ቀን ከሰዓት ዳቦ ሻጯ «ምነው ጠፉ፣ ታመው ነው?» ብላ እስከ ሱቁ መጣች። እሱ ግን ጠግቦ፣ መርፌውን በአንዴ ክር ሲያጎርስ ነበር።

የሠርጉ ቀን ቁልፉ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ጉድ አለ። የእህቱን ልጅ ሲስማት ጆሮዋ ላይ «ግማሹ የባቄላው ነው፤ ግማሹ ግን ስፌቱን ትንሽ ለቅቄው ነው። እንዳታወሪ!» አላት።

«ብስኩቱስ?»

«እሱንማ ከረሳሁት ቆየሁ።»

ሙሽራዋ ልጁ መጥታ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። ቁልፉ ንቅንቅ አላለም።