የመስኮቱ ብናኝ

በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ፣ በእኛ ሰፈር፣ ሚስ ኦዴሳን የማያውቅ የለም። የደጃፋቸውን ነጭ እብነ በረድ ደረጃ በየቀኑ ስለሚፈትጉት አቧራ እንኳ ሳያስፈቅድ አያርፍበትም እያልን እንቀልድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሳቸው ደረጃቸውን ሲፈትጉ እኔም ከጎን ባለው ደጃፌ ተቀምጬ ሳለ ዶክተር ቨርና ብቅ አሉ። የከተማችንን ድሃ ሰፈሮች ታሪክ በማጥናት ያረጁ ሴት ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው ሊያልፉ ሲሉ፣ የሚስ ኦዴሳ የልጅ ልጅ ታሚያ ቀለሙ የተላጠ የመስኮት ደፍ ስትግጥ አዩና ደነገጡ።

“ሚስ ኦዴሳ፣ የልጅቷ ደም ተመርምሯል?”

“ለምን ሲባል? የቀለም መርዝ የቆሻሻ ሰው ልጅ በሽታ ነው። የኔ ቤት ዳቦ ቢወድቅ አንስተሽ ትበያለሽ።”

“ይህን ወሬ ያመጡት አከራዮቹ ናቸው። ጥቁሩ ወገናችን ሌላ ሰፈር እንዳይከራይ ተከልክሎ እዚህ ሲታጎር፣ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ያለበትን አሮጌ ቀለም በላዩ ላይ ሌላ ቀቡበት እንጂ አላነሡትም። ልጆች ሲታመሙ እናቶችን ሰደቡ። እርስዎም በደረቅ መጥረጊያ ሲጠርጉት ብናኙን ይበትኑታል።”

ሚስ ኦዴሳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ቢገኝባትስ? ቤቱን ያሽጋሉ፣ እሷንም ይወስዷታል። የጎረቤት ልጆች ሲወሰዱ አይቻለሁ። እናቷ ሞታለች፤ ያለችው ከኔ ጋር ነው።”

ፍርሃታቸውን ከንቱ አልለውም፤ የመንግሥት ሰው ሲመጣ እኔም መጋረጃዬን እዘጋለሁ። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

“ሐኪም ቤት አብሬዎት እገባለሁ” አሉ ዶክተሯ። “ዝም ብንል መርዙ ዝም አይልም። ጭንቅላት ነው የሚጎዳው። የተመረዘ ልጅ ይቅበጠበጣል፣ ትምህርት አይገባውም፣ ሰነፍ ይባላል።”

ሚስ ኦዴሳ የያዙትን ብሩሽ አስቀመጡ። “ልጄ ሬይመንድ እዚሁ መስኮት ሥር ነው ያደገው። ማንበብ አቃተው። ሰነፍ እያልኩ በቀበቶ ገረፍኩት።”

ዶክተሯ ታሚያን ከመስኮቱ ፈቀቅ አደረጓት። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ሰኞ ታሚያ ተመረመረች፤ መርዙ ተገኘባት፣ ግን ገና ጅምር ነበር። ማንም አልወሰዳትም። ዶክተሯ ከከተማው ሹማምንት ጋር ተሟግተው አከራዩ መስኮቶቹን በአዲስ ተካ፤ እስከዚያ አያትና የልጅ ልጅ እኔ ቤት ሰነበቱ። ዛሬ በሰፈራችን የሚጠረገው በእርጥብ ጨርቅ ነው፤ ሕፃናትም ሳይታመሙ ይመረመራሉ። አንባቢ ሆይ፣ ሐፍረት ልጅ እንዳያስበላህ አንተም እንዲሁ አድርግ።

ውጤቱ በተነገረ ዕለት ሚስ ኦዴሳ ስልኬን ተውሰው ለልጃቸው ደወሉ። ሬይመንድ አሁን ጎልማሳ ነው።

“ልጄ፣ ሰነፍ አልነበርክም” አሉት። “ይሰማሃል? ሰነፍ አልነበርክም።”