ስለ አቶ በራኺ ትሎች ዘበኛው ገረዝጊሄር የሰጡት ቃል

የምስክሩ ስም፦ ገረዝጊሄር ሃብተማርያም
ዕድሜ፦ ወደ ሰባ (ምስክሩ በትክክል አላውቀውም ብለዋል)
ሥራ፦ የግል ቤት ዘበኛ
አድራሻ፦ አስመራ፣ እዳጋ ሓሙስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ኅዳር 13 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ መቶ አለቃ መንግስትኣብ ዘርአብሩክ
ጉዳዩ፦ የአቶ በራኺን ዓሦች በመርዝ ገድላለች ተብላ በተያዘችው በቤት ሠራተኛዋ በፍረወይኒ ላይ የቀረበ ክስ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። ማንበብና መጻፍ አልችልም። አማርኛ ግን ጎንደር በወታደርነት ሳለሁ ለምጃለሁና አስተርጓሚ አልፈልግም ብያለሁ። የተናገርኩት እንደተናገርኩት ይጻፍልኝ፤ አይቆንጅብኝ።

ትናንት መጥቼ መርማሪው የሉም ተብዬ ተመልሻለሁ። ዛሬ ስገባ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ስለ ልጅቷ አይደለም፤ «በገንዳው ውስጥ የነበሩት ትሎች ጠቃሚ ናቸው ወይስ ጎጂ?» ተብዬ ነው። ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ፖሊስ ጣቢያም ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪላጆ ጀኒዮ ባለው በአቶ በራኺ ቤት በር እጠብቃለሁ። አቶ በራኺ የመንግሥት ሹም ናቸው። አምና ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ ትልቅ የመስተዋት ገንዳ ገዝተው ሳሎን ውስጥ አቆሙ። ውኃው ከምጽዋ በበርሜል በጭነት ማኪና ይመጣል። ውስጡ ቀይና ቢጫ ዓሣ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የባሕር ድንጋይ፣ ድንጋዩም ላይ እንደ አበባ የሚከፈት ነገር አለ። በቤቱ «ባሕሩ» ይባላል። በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ትል ነበረ፤ እንደ ጣት የረዘመ፣ በጎንና በጎኑ ነጭ ጠጉር ያለው። ጠጉሩ እጅ ላይ ከተሰካ እንደ ሳማ ያቃጥላል። ጣሊያናዊው ሲያስረክብ ትሉን አይቶ «ላሻ ስታሬ» ብሏል፤ ተዉት፣ አትንኩት ማለቱ ነው። በሩን ይዤ ቆሜ ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አቶ በራኺ ግን አልተዉትም። አንድ ቀን ትሉ የሞተ ዓሣ ሲበላ አገኙትና «ዓሣዬን የገደለው ይኸው!» ብለው ጮኹ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣረጋሽ «ኧረ በራኺ፣ የሞተውን ነው የበላው፤ ባይበላው ይገማ የለም? ተወው ይጥረግልህ» አሉ። «ገዳዩን ጠራጊ አደረግሽልኝ!» አሉ እሳቸው። ከዚያ ወዲያ ምሳ ላይ ትል፣ እራት ላይ ትል ሆነ። ሲደክማቸው ሁለቱም ወደ በር መጥተው «ኣቦይ ገረዝጊሄር፣ እስቲ ይፍረዱ» ይሉኛል። «እኔ የተቀጠርኩት ለበር ነው፤ ለትል ሌላ ዳኛ ፈልጉ» እላቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአቶ በራኺ አለቃ አቶ አስፋው እሑድ ምሳ ተጠሩ። ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ባሕር በቤት ውስጥ አለ ሲባል ሰምተው ሊያዩ ነው። አቶ በራኺ «እንግዳ ፊት ትል ቢወጣብኝስ?» እያሉ እንቅልፍ አጡ። ዓርብ ዕለት ወደ በሩ መጥተው ከእዳጋ ሓሙስ ኮሶ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ሆዳቸውን አሟቸው መስሎኝ «እግዚአብሔር ይማርዎት፣ በባዶ ሆድ ይጠጡት» ብዬ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ያንኑ ዕለት ማታ ፍረወይኒ እናቷ ታማባት ወደ ሰምበል ሄደች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ በራኺ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠው ኮሶውን በገዛ እጃቸው ሲወቅጡ አየሁ። «ጌታዬ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ኮሶ የሰውን ትል ሲያወጣ ሰውዬውን ይገድላል?» አሉኝ። «ኣይፋል፣ አይገድልም» አልኩ። «እንግዲያው ዓሣውንም አይገድልም» ብለው ይዘው ገቡ። እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ነበር። ትሉን እኔም አልወደውም።

ቀትር ላይ ጠርተው አሳዩኝ። ትሉ ከየቀዳዳው ወጥቶ ታች ተዘርሯል፤ ይህን ያህል እንዳለ ማንም አላወቀም። ሰውየው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ወይዘሮ ኣረጋሽ ብቻ «ይህን ሁሉ ሬሳ አሁን ማን ይጠርግልሃል?» አሉ። ማንም አልጠረገም። እሑድ ጠዋት ውኃው እንደ እጣቢ ደፍርሷል፣ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፏል፣ ሽታው እኔ እስከምጠብቀው በር ድረስ መጥቷል። ፍረወይኒ ምሳ ልትሠራ ከሰምበል የተመለሰችው ከዚህ በኋላ ነው። ስትገባ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «ኣቦይ፣ ምን ሞቶ ነው?» ብላ እኔን ጠይቃኛለች።

አቶ አስፋው መጥተው ሲያዩ «ምነው በራኺ፣ ጉድ ለማየት ነው እንዴ የጠራኸን?» ብለው ሳቁ። አቶ በራኺ ላብ በላብ ሆኑ። ዞር ብለው «ይቺ ሠራተኛ በረኪና ጨምራበት ነው» አሉ። አቶ አስፋው መሳቃቸውን ትተው ስልክ አነሡ። ፖሊስ መጣ፤ ልጅቷ የወጡን ማማሰያ እንደያዘች ተወሰደች። በሩን ይህንንም ጊዜ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ «ሓሶት እዩ፣ ውሸት ነው» ብዬ ጮኼ ነበር፤ ሽማግሌው ዝም ይበል ተባልኩ።

አሁን መርማሪው የአቶ በራኺን ክስ ሲያነቡልኝ «ውኃውን የሚያጠሩ ጠቃሚ ትሎቼንም ጭምር ገድላብኛለች» ይላል። መርማሪው ስለ ትሉ የጠየቁኝ ለዚህ ነው ለካ። መልሴ ይጻፍ፦ ይህ ትል እስከ ቅዳሜ ጠላት ነበር፣ እሑድ ምሳ ላይ ወዳጅ ሆነ። በአንድ ሌሊት ጠባዩን የሚለውጥ ትል በዕድሜዬ አላየሁም።

ማስረጃ አለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ ከጋቢዬ ሥር ሙቀጫውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኑሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት የሰጡኝ ወይዘሮ ኣረጋሽ ናቸው። «እጠቢው ብሎኝ ነበር፣ አላጠብኩትም። እኔ ልናገር አልችልም፤ ባሌ ነው። እርስዎ ይውሰዱት» ብለውኛል። መቶ አለቃው ሙቀጫውን አሽትተው ፊታቸውን አዙረዋል። «ወደይ፣ ልጄ፣ ይህ በረኪና ነው?» ስላቸው «አይደለም፣ ኮሶ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እናቴ አፍንጫዬን ይዛ አጠጥታኛለች» ብለዋል። ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ወደ ቪላጆ ጀኒዮ ዘበኝነት አልመለስም። ቁልፉን ለወይዘሮ ኣረጋሽ አስረክቤ ነው የመጣሁት። ፍረወይኒ እስክትወጣ ድረስ እዚሁ ጣቢያው በር ላይ እቀመጣለሁ፤ በር መጠበቅ እንደሆነ ሥራዬ ነው።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ያልኩት አልጎደለም፣ ያላልኩት አልተጨመረም፤ እውነት ስለመሆኑ በማርያም ምያለሁ። ፊደል ስለማላውቅ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ። የቀኝ እጄ እሑድ ዕለት የሞቱትን ዓሦች ሳወጣ ድንጋይ ሥር የተረፈ አንድ ትል ወግቶት ስላበጠ ያሳረፍኩት የግራዬን ነው።

የምስክሩ የግራ አውራ ጣት አሻራ፦ ........
የመርማሪው ፊርማ፦ ........
ከቃሉ ጋር የተረከብኩት ዕቃ፦ ያልታጠበ ሙቀጫ፣ አንድ።